የወይራ ታኮ

ሻምበል ወልደ ጊዮርጊስን ሞት ያገኛቸው ከሚወዷት የሽቦ ወንበራቸው ላይ ነው። ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አቅራቢ መነጽራቸው ጭናቸው ላይ እንደወደቀ፣ ራሳቸውን ወደ ጎን ጣል ስላደረጉ ለሩቅ ተመልካች እንቅልፍ ሸለብ ያደረጋቸው ይመስሉ ነበር። ኢንስፔክተር ሰገነት ጠጋ ስትል ግን ከቅንድባቸው በላይ ያለችውን ቀዳዳ አየችና ባርኔጣዋን አወለቀች። ጥይቷ አልፋ ከኋላቸው ያለውን የካባ ድንጋይ መትታ እንደተረገጠ ማስቲካ ተጨፍልቃለች። ከየትኛው ሽጉጥ እንደወጣች እንኳን የአዲስ አበባ ባለሙያ፣ የሠራት ፋብሪካም አይለያትም።

ቦታው ከሐረር ወደ ድሬ ጠያራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አሮጌ የድንጋይ ካባ ነው። ድንጋይ የሚያወጣበት ሰው ከጠፋ ወዲህ የኢላማ ተኩስ ክለቡ ወሰደው፤ ሦስት ጠባብ መተኮሻ ክፍሎችም በብሎኬት ሠራበት። ከእነሱ ጎን በአንድ መስመር መሣሪያ የሚጠገንባት የቆርቆሮ ክፍል አለች። የሁሉም ጀርባ ክፍት ነው። አሠልጣኙ ሻምበል ወንበራቸውን ከኋላ ያስቀምጡና ሁሉንም ያያሉ፤ ተኳሾቹ ግን ግድግዳ ስለሚለያቸው እርስ በርስ አይተያዩም። ጆሯቸውንም በጥጥ ይደፍኑታል።

"ስንት ሰው ነበር?" አለች ሰገነት።

"ሦስት ተኳሽና ነስሮ፣" አለ ሳጅን አደም። አደም ተወልዶ ያደገው ጀጎል ግንብ ውስጥ ስለሆነ ለእሱ የማይታወቅ ሰው የለም። "ነስሮ ፈላና ከሚባለው የጀጎል በር አጠገብ የሚሠራ ብረት ሠሪ ነው። እዚህ መሣሪያ ይጠግንላቸዋል። ሬሳውንም መጀመሪያ ያየው እሱ ነው።"

ነስሮ ከቆርቆሮዋ ክፍል ደጃፍ ሞረዱን እንደጨበጠ ቆሞ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ከሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ የክለቡ ትርፍ ሽጉጥ ተቀምጧል። ሰገነት ሳትነካው አጎንብሳ አሸተተችው፤ ባሩድ ባሩድ ይላል።

"ጠዋት ለሙከራ ተኩሼበታለሁ። ሁሉም አይተዋል፣" አለ ነስሮ ሳትጠይቀው።

ሽጉጡ ላይ ከአፈሙዙ እስከ እጀታው ድረስ የወይራ እንጨት ብናኝ ተነስንሶበታል። የሞረድ ሥራ ውጤት ነው፤ ጣት ያረፈበት ምልክት ግን አንድም የለም። ሰገነት ይህንን ልብ አለች። አብሯት የመጣ አንድ ፖሊስ ግን የነስሮን እጅ ወደ ኋላ ለማሰር ተቻኩሎ ነበርና ሽጉጡን ላፍ አድርጎ በከረጢት ከተተው። ብናኙም እዚያው ረገፈ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ያ ፖሊስ ግን አፍሶ ጥሎት ሄደ።

የነስሮ መታሰር ምክንያቱ እንዲህ ነው። በክለቡ ደንብ ተኳሽ በአንድ ዙር አምስት ጥይት ብቻ ይተኩሳል። የሽጉጡ ካርታ፣ ያ ጥይት የሚጎርሰው ሣጥን፣ ግን ስምንት ይይዛል። ሻምበል ጥይት መቁጠር አይወዱም ነበር። ስለዚህ ነስሮ በየካርታው ሆድ ውስጥ ከወይራ የተጠረበች ታኮ ከተተላቸው። የመኪና ጎማ ሥር የሚደረገውን ታኮ አስቡት፤ ያችው ናት፣ አውራ ጣት አክላ። ታኮዋ ከታች ቦታ ስለምትይዝ ካርታው አምስት ከጎረሰ በኋላ ስድስተኛ አይቀበልም። ሻምበል ከዙሩ በፊት የእያንዳንዱን ካርታ አፍ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጋሉ። ካልሰመጠ ሞልቷል፤ ከሞላ አምስት ነው። አለቀ።

ያን ቀን ጠዋት ሦስቱ ኢላማዎች ላይ አምስት አምስት ቀዳዳ ተገኘ። ሦስቱም ካርታዎች ተሞከሩ፤ ስድስተኛ ጥይት የሚቀበል ጠፋ። ታኮዋ ወጥታ ባዶ ሆዱን የቀረው አንድ ካርታ ብቻ ነበር፤ እሱም የነስሮ ጠረጴዛ ላይ ያለው።

*

"ፀሐይ የሞቀው ጉዳይ ነው፣" አለ የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ዘውዴ። "ባለፈው ማክሰኞ ፈረስ መጋላ አደባባይ መሐል ሻምበል ሰድበውታል። እሱም 'ይህንን ስድብ አልረሳውም' ብሏል። ምስክር በሽ ነው። ሰኞ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ አስረክቢ።"

"ብናኙስ?"

"የምን ብናኝ?"

"ሽጉጡ ላይ የነበረው። ነስሮ ተኩሶ ቢሆን ኖሮ እጁ ያረፈበት ይታይ ነበር።"

"ሰገነት፣ አቧራ ይዤ ፍርድ ቤት አልቆምም።" ኮማንደር ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ የቀለለውን መንገድ ከቀናው መንገድ ለይቶ አለማየቱ ነው።

ሰገነት ስትወጣ ከጣቢያው በር አጠገብ አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ተቀምጠው አየች። የነስሮ እናት ዘይነባ ናቸው። ከቀይ ሻሻቸው ሥር ያሉት ዓይኖቻቸው ደርቀዋል፤ የሚያለቅሱ ሴት አይደሉም።

"እማማ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ። እዚህ ፀሐይ ነው።"

"ልጄ ውስጥ ነው። እኔ ወዴት ነው የምሄደው?" አሉ ዘይነባ። "ያንቺ ሥራ መፈለግ ነው አይደል? ፈልጊ። የኔ ሥራ መቀመጥ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚደክም ኢንሻአላህ እናያለን።"

ሰገነት ከጎጃም ተመድባ ሐረር ከመጣች ብዙ ዓመት አልፏታል። እንዲህ ዓይነት አነጋገር መስማት ለምዳለች፤ የዛሬው ግን ከልቧ ገባ። እኔ ቀድሜ አልደክምም አለች ለራሷ።

*

ነስሮን ከእስር ክፍሉ አስወጥታ አስቀመጠችው።

"ሻምበል ስለ ምን ሰደቡህ?"

"'ታኮህ ይንኳኳል' ብለው ነዋ። ከካርታዎቹ አንዷን ሲነቀንቋት ውስጧ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰሙ። 'ሥራህ ውራጅ ነው' አሉኝ ሰው መሐል። እኔ አልረሳውም ያልኩት ስድቡን ነው እንጂ ሰውዬውን እገድላለሁ ወጣኝ?" ነስሮ አንቺ ይላታል። ሐረር አንቱታዋን ለሽማግሌ ነው የምትቆጥበው፤ የማዕረግ ምልክት አያስደነግጣትም።

"የማን ካርታ ነበረች?"

"አልነገሩኝም። አምጡና ልያት አልኳቸው፤ 'ሂድ ከፊቴ' አሉኝ።"

"ታኮዋን በምንድን ነው የምታጠብቃት?"

"በቪቴ። ከታችኛው ክዳን በኩል አንዲት ቪቴ ጠምዝዤ አስገብቼ እንጨቷን እይዛታለሁ። ከዚያ ወዲያ ከግንብ ላይ ብትወረውሪያት አትነቃነቅም፤ ወላሂ።"

"ሙጫስ?"

"ሙጫ የሰነፍ ነው።"

"ታዲያ እንዴት ተንኳኳች?"

ነስሮ ትከሻውን ሰበቀ። "ሰው ነክቷት ይሆናል። አንድ እንጨት አይንኳኳም። ለመንኳኳት ሁለት ያስፈልጋል።"

ሰገነት ይህችን አባባል እስከ ፈረስ መጋላ ድረስ እያመነዠከቻት ሄደች።

*

ከሦስቱ ተኳሾች አንዱ ዑመር የድሬ ጠያራ ገበሬ ነው፤ ሎሚና ማንጎ ጭኖ ከተማ ያመጣል። አውራ ጣቱን ቀበቶው ውስጥ ሰክቶ፣ ፒካፑ ላይ ተደግፎ ጠበቃት።

"ከሻምበል ጋር ተደባድበሃል የሚል ወሬ ሰማሁ።"

"ትክክል ነው። ካባው የአባቴ መሬት ጫፍ ላይ ነው። ጥይታቸው ላሜን ሊመታ ነበር። ኋላ ሽማግሌ ገባና ታረቅን፤ ክለቡ ውስጥ ያስገቡኝም ያኔ ነው። 'መተኮስህ ካልቀረ ተማር' አሉኝ።" ፈገግ አለ። "ሽማግሌዎቹን ጠይቂ፤ አሥር ናቸው፤ ሁሉም ይለፈልፋሉ።"

ጠየቀች። ለፈለፉ። እውነቱን ነበር።

"ነስሮ ሲጮህ ምን አደረጋችሁ?"

"ሮጥን። ብሌን የሻምበልን አንገት ይዛ የልብ ትርታ ስትፈልግ እኔ ደግፌያቸው ነበር። ሽጉጣችንን የትም ጥለነዋል። እዚያ ስልክ አይሠራም፤ መምህር ሙሉጌታ ፖሊስ ለመጥራት በመኪናው ወደ ከተማ ሄደ። ከእናንተ ትንሽ ቀደም ብሎ ተመለሰ።"

ብሌን የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ከሦስቱ በዕድሜ ታናሿ እሷ ናት። ሻምበል ለአገር አቀፍ ውድድር ከሙሉጌታ ይልቅ እሷን ሊመርጡ አስበው ነበር። ሰገነት ይህንን ስታነሳባት ብሌን ቀጥ ብላ አየቻት።

"እና በመረጠኝ ሰው ላይ ልተኩስ? ጋሽ ሙሉጌታም ቢሆን ደስ ብሎት 'ይገባሻል' ነው ያለኝ።"

"ሻምበልን የሚጠላ ሰው ነበር?"

ብሌን የነጭ ጋውኗን ኪስ ነካካች። "እኔ ራሴ አንድ ቀን ጠልቻቸዋለሁ። ከቁልቢ መልስ ክለቡ እራት አብልቶን ነበር። ሻምበል ጠጡና በደርግ ጊዜ የሠሩትን ማውራት ጀመሩ። አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤት አውጥተው… ጫማው በአንዱ እግር ነጭ ክር፣ በሌላው ጥቁር ክር ነበረው እያሉ ሳቁ። ልጁ የተከሰሰበትን እንዳልሠራው በኋላ ደረሱበት መሰለኝ። ሳህኔን ገፋሁት።"

"ሌሎቹስ?"

"ዝም። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲያወራ ምን ይባላል? አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ።"

ሙሉጌታን ያገኘችው እሱ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ነው። ፊዚክስ ያስተምራል። አርባን የተሻገረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ የክለቡም አምበል እሱ ነው።

"የባዘነ ጥይት ይሆናል፣" አለ። "በዚያ ተራራ ላይ የማይተኩስ ገበሬ የለም። ነስሮ ግን ሰው አይገድልም። ይህንን ጻፊልኝ።"

"ካርታህ ይንኳኳ ነበር?"

"የኔ? አይንኳኳም።"

ሦስቱም እንደዚሁ አሉ። የሚንኳኳ ካርታ የነበረው አንድም ሰው የለም፤ ሻምበል ግን ሰምተዋል።

*

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሰገነት ለካ የካርታዎቹን አፍ አየች እንጂ ሥራቸውን አላየችም። ሁሉም ሰው ከላይ ጥይት እየሞላ "አምስት፣ አምስት፣ አምስት" ብሎ መለሳቸው እንጂ የታችኛውን ክዳን የፈታ አልነበረም።

የማስረጃውን ከረጢት ከኮማንደሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና አደምን ካቻቢቴ አስመጣችው። የከረጢቱ ነገር ያሳፍራል፤ ሦስቱ ካርታዎች በአንድ ላይ ተወርውረው ነበርና የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ፖሊስ የለም። መልካቸውም አንድ ነው።

የመጀመሪያውን ፈታች። ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሞላ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ከክዳኑ ላይ በቪቴ የተያዘች አንዲት ሙሉ የወይራ ታኮ ቆማለች። ሁለተኛውም እንደዚያው ነበር። ሦስተኛውን ስትፈታ ከታኮዋ ጫፍ ላይ ቁራጭ እንጨት ተገንጥላ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች።

"ተሰብራለች፣" አለ ኮማንደር።

"ተቆርጣለች፣" አለች ሰገነት። ቁራጯን ከጥይት ጎን አጋድማ ለካቻት፤ ውፍረቷ የጥይቷ ውፍረት ነው። "ይህችን ቁራጭ ስታወጣ ካርታው ስድስት ይይዛል። ስድስት ከያዘም ሞልቷልና በአውራ ጣት ቢጫኑት አይሰምጥም። ሻምበል የገዛ ሞታቸውን በጣታቸው ጫን አድርገው 'ሞልቷል' ብለው አለፉ። ከስድስቱ አምስቱ ኢላማው ላይ፣ አንዷ እሳቸው ላይ። ከዚያ ቁራጯ ቦታዋ ስትመለስ ካርታው ተመልሶ አምስት ብቻ የሚይዝ ይሆናል።"

ኮማንደር ወንበሩ ላይ ቀና አለ። "ማክሰኞ ዕለት የተንኳኳችው…"

"ገዳዩ እየተለማመደባት ነበር። ዝም ብሎ ቢያስቀምጣት እንደምትንኳኳ ያኔ ስላወቀ በኋላ አጣበቃት።"

"ማጣበቅ የነስሮ ሥራ ነዋ።"

"ነስሮ ሙጫ የሰነፍ ነው የሚል ሰው ነው። ደግሞም ይሄ ሙጫ አይደለም።" ቁራጯን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ማር ማር ይሸታል። ከሱቅ የሚገዛው ሻማ እንዲህ አይሸትም። ልጅ ሆና እናቷ ጧፍ ሲነክሩ አጠገባቸው ትቀመጥ ነበር፤ ይህንን ሽታ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። በጥፍሯ ፋቅ ስታደርገው ሰሙ ውስጥ የፈትል ብጣሽ አገኘች። ነጭ ጥጥ ነው፤ ከነጩ መሐል ደግሞ አንዲት ጥቁር ክር ተገምዳለች።

"ጥቁር ክር ያለው ጧፍ አይቼ አላውቅም፣" አለ ኮማንደር፤ እሱም ከቤተ ክርስቲያን አይጠፋም።

"እኔም አላየሁም።"

"ጥሩ ነው። ግን ሰገነት፣ ክር ብቻውን ሰው አያስፈታም። የማን ካርታ እንደሆነች አናውቅም። ነስሮ ራሱ ቆርጧት ሊሆን ይችላል የሚል ዐቃቤ ሕግ አይጠፋም። ሰኞ ሰኞ ነው።"

ከበሩ ውጭ ዘይነባ አሁንም ተቀምጠው ነበር። ሰገነት ሰላም ብላቸው ብቻ አለፈች። ያልበሰለ ነገር ለእናት አይነገርም።

*

አስባ አስባ የደረሰችበት ይህ ነው። የቆረጠው ሰው ቁራጯን መልሶ ያጣበቀው ፖሊስ ከመድረሱ በፊት፣ በጥድፊያ፣ በእጁ ባገኘው ነገር ነው። ብሌንና ዑመር ሬሳውን ይዘው ነበር፤ አንዱ ለሌላው ምስክር ነው። ከካባው ርቆ ብቻውን የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መኪና ውስጥ። ሽጉጥ ሁሉ የትም በተጣለበት ጊዜ ካርታውን በኪሱ ይዞ ቢሄድ የሚያስተውለው የለም። ነገር ግን አንድ የተከበረ አስተማሪ ሻምበልን የሚገድልበት ምክንያት አልታይ አላት። ምክንያት የሌለው ጥርጣሬ ደግሞ ሐሜት ነው።

ሙሉጌታ ትምህርት ቤት በነበረበት ሰዓት ቤቱ ሄደች። በር የከፈቱላት እናቱ ወይዘሮ ንግሥት ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ማን እንደሆነች እንኳ ሳይጠይቁ "ግቢ ልጄ፣ ፀሐዩ አይምታሽ" አሏት። ሰገነት ፖሊስ መሆኗን ስትነግራቸውም "እህ፣ ስለ ሻምበሉ ነው? ነፍሱን ይማረው" ብለው ወንበር አቀረቡላት። ሰውየውን በአካል አያውቁትም።

ግድግዳው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ አለ። ከሥሩ ባለች ብርጭቆ ውስጥ የጧፍ ቁራጮች ቆመዋል።

"ልጅዎ ነው?"

"ታላቁ። አማኑኤል ይባላል። የሙሉጌታ ወንድም።" ቀና ብለው አዩት። "በደርግ ጊዜ ከትምህርት ቤት ወሰዱብኝ። ወረቀት በትኗል ብለው። አልበተነም፤ የኔ ልጅ አይዋሸኝም ነበር። ሬሳውን እንኳ አልሰጡኝም፤ የምቀብረው አጣሁ።"

ሰገነት ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

"የዚያን ዕለት ጠዋት የነጭ ሸራ ጫማው ክር ተበጠሰበት። ነጭ ክር ባጣ በአንድ እግሩ ጥቁር ክር አሰርኩለት። 'እማዬ፣ ይስቁብኛል' አለኝ። 'ሂድ፣ ማታ ነጭ እገዛልሃለሁ' አልኩት።" ወይዘሮ ንግሥት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ። "እና በየዓመቱ ለቁልቢ ጧፍ ስፈትል አንድ ጥቁር ክር እገምድበታለሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጧፍ ሲያበራ ገብርኤል የኔን ልጅ እንዲለይልኝ ብዬ ነው። ሰው ይስቃል፤ እሱ ግን አይስቅም።"

"ዘንድሮም አበሩ?"

"አብርቼ ነው የመጣሁት። የተረፈው እዚያው ሙሉጌታ መኪና ውስጥ ቀረ፤ ትናንት ነው ያመጣልኝ።" ተነስተው ከሣጥን ውስጥ ሁለት ጧፍ አወጡና ለሰገነት ዘረጉላት። "ያንቺ ስም ማነው? ሰገነት? ውሰጂ ሰገነት። መድኃኔ ዓለም ስትሄጂ ለአማኑኤል አብሪልኝ።"

ሰገነት በሥራ ዘመኗ ቢላዋም ሽጉጥም ተቀብላለች። እንደ እነዚህ ሁለት ጧፎች የከበዳት ነገር ግን አልነበረም። እሺ ብላ ተቀበለች፤ ሴትዮዋን ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ሞተሩን አስነሳች።

*

ሙሉጌታን ከትምህርት ቤት ይዛው ወደ ካባው ሄደች። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። የሽቦ ወንበሯ እንደቆመች ናት። ሰገነት ከኪሷ አንዷን ጧፍና ያችን የወይራ ቁራጭ አውጥታ ወንበሯ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

ሙሉጌታ አጎንብሶ አያቸው። "እማዬ ናት የሰጠችሽ?" አለ።

"እሳቸው ናቸው። ለምን እንደወሰድኩት አያውቁም።"

"ሻምበል ያንን ታሪክ ሲያወሩ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ።" ድምፁ የክፍል ውስጥ ድምፅ ነው፤ አይጮህም፣ አይሰበርም። "ስሙን እንኳ አያውቁትም። ያስታወሱት ጫማውን ነው። ወረቀቱን የበተነው ሌላ እንደነበር በኋላ ደረሱበት። 'አንድ ጓደኛው እያወቀ አፉን ዘግቶ ቆመ' ብለው ሳቁ። እኔ እኮ እኚህን ሰው አባባ ነበር የምላቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ማንንም መክሰስ ያልቻለች እናት ናት ያሳደገችኝ። ማንን ትክሰስ? ሬሳ የላት፣ መቃብር የላት። እኔ ከሰስኩላት።"

ሰገነት ወንበሯን ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። "እኔ ግን አሁን የማስበው ሻምበልን አይደለም። ያንን ጓደኛ ነው። እያወቀ ዝም ያለውን። አፉን ቢከፍት ወንድምህ ይተርፍ ነበር።"

"እሱን ባገኘው…"

"እሱን አግኝተኸዋል ሙሉጌታ። ነስሮ ባልሠራው ታስሯል። እናቱ ከጣቢያው በር አልተነሱም። ሰኞ ይከሰሳል። እንዳልሠራው የሚያውቅ ሰው አለ፤ ያ ሰው ጠዋት ጠዋት እየሄደ ፊዚክስ ያስተምራል።"

ነፋሱ የካባውን አቧራ አንስቶ መለሰው። ሙሉጌታ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ፊቱ ላይ ታየ። ከዚያ ቁጣው ማረፊያ አጥቶ ረገበ።

"የባዘነ ጥይት ነው ትላላችሁ ብዬ ነበር፣" አለ። "ነስሮ ይያዛል ብዬ አላሰብኩም። ከተያዘም በኋላ ይፈታል፣ ማስረጃ የላቸውም እያልኩ…"

"አማኑኤልም ማስረጃ አልነበረበትም።"

ሙሉጌታ ከወንበሯ ላይ ጧፉን አነሳ፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ መልሶ አስቀመጠው። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። "የስድስተኛዋ ጥይት ባዶ ቀለህ ከመኪናው መቀመጫ ሥር ነው። ታኮዋ የተቆረጠችው ካርታ የኔ ናት። ሁሉንም እናገራለሁ፤ ቶሎ እንሂድ። ሰውየው ዛሬ ይውጣ።"

ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ሙሉጌታ ዘይነባ ፊት ቆመ። "እናቴ፣ ልጅዎ ይወጣል። እዚህ በር ላይ ያስቀመጥኩዎት እኔ ነኝ፣" አላቸው። ዘይነባ ቀና ብለው አዩት። አልረገሙትም፤ አልመረቁትምም። ገብቶ ሄደ።

*

ኮማንደር ዘውዴ ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበበ። ባዶው ቀለህም ሙሉጌታ በተናገረው ቦታ፣ ከመኪናው መቀመጫ ሥር ተገኝቷል። "እሺ ሰገነት፣" አለና ራሱ ተነስቶ የነስሮን በር አስከፈተ። ይህንንም አልሸሽገውም፤ ሲሳሳት ቶሎ የሚነሳ ሰው ነው።

ነስሮ እናቱ ላይ ወደቀ። ዘይነባ ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ። ያን ጊዜ ነው ዓይናቸው እንባ ያወጣው። ሰው ተሰበሰበ፣ አደም በሐረርኛ ቀለደና ሳቁ።

ሰገነት ከሳቁ ገለል ብላ የመኪናዋን በር ከፈተች። የቀረ ሥራ አለባት። በኪሷ ያለችው ሁለተኛዋ ጧፍ ጎኗን ትወጋታለች፤ ለወይዘሮ ንግሥት ማን ይነግራቸዋል? ከእሷ ሌላ የሚነግራቸው የለም።

"ወዴት ነሽ?" አሉ ዘይነባ ከኋላዋ።

"ያ ሰውዬ እናት አሉት፣ እማማ። ገና አልሰሙም።"

"ሌላ ልጅ አላት?"

"ነበራቸው።"

ዘይነባ የነስሮን እጅ ከትከሻቸው ላይ አነሱት።

"አንተ ወደ ቤት ሂድ። ሾርባ ጣድ፤ በሩን እንዳትዘጋ፤ እንግዳ ይዤ ልመጣ እችላለሁ።"

"እማ፣ የገዳዩ እናት እኮ ናት፣" አለ ነስሮ።

"እስከ ዛሬ እኔም የገዳይ እናት ነበርኩ። በዚህ በር ያለፈ ሁሉ እንደዚያ ብሎ ነው ያየኝ። አንድም ሰው አጠገቤ አልተቀመጠም።" ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው መኪናው ውስጥ ገቡ። "ንጂ ልጄ። ቤቷን አሳዪኝ፤ አንቺ ስትነግሪያት እኔ እጇን እይዛለሁ።"

ሰገነት በፈላና በር በኩል ዞራ ሽቅብ ነዳች።